ጋሽ አድማሱን “ፍላሽዎ ታማለች” ማን ይበላቸው?

በእኛ አገር ፋይል አይጠፋም፤ ይበላል። “ፋይሌን አጠፋሁት” የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የሚባለው “ፋይሌን ቫይረስ በላብኝ” ነው። አነጋገሩ ራሱ እንዴት ያለ እፎይታ አለው! ያጠፋ ሰው ይጠየቃል፤ የተበላበት ሰው ግን ይታዘንለታል፣ ሻይም ይጋበዛል። ሪፖርቱን ጭራሽ ያልጀመረው፣ ቃለ ጉባኤውን ያልጻፈው፣ እቅዱን ካለፈው ዓመት ገልብጦ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር የረሳው ሁሉ ጣቱን ወደዚህ አውሬ ሆድ ይቀስራል። ቫይረስ አፍ ቢኖረው ኖሮ የበላሁት ሳያንስ ያልበላሁት ሁሉ ይጻፍብኛል ብሎ እስከ ሰበር ችሎት ይከራከር ነበር።

የበሽታው ስም አንድ እንደ ሆነ ሁሉ የመድኃኒቱም ስም አንድ ነው፤ ፎርማት። ምን እንደ ሆነ የማያውቀው ሰው እንኳ ያዝዘዋል። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ፍላሹ አልከፍት አለ? ፎርማት ይደረግ። ፎርማት ማለት፣ ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ በውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። ቤቴ አይጥ ገባ ብሎ ቤቱን ከነዕቃው የሚያቃጥል ጎረቤት ቢኖራችሁ ዘመዶቹን ጠርታችሁ ጸበል ትወስዱት ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን እንዲህ ያለው ሰው ባለሙያ ይባልና ቢሮ ይሰጠዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ቢኒያም ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢሮው ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራው ከመስኖ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚህ በላይ አታስለፍልፉኝ። የኢንተርኔቱ ነገር እንደምታውቁት ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ማናቸውም ጉዳይ የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ፍላሽ አውሰኝ ያለን ሰው እንቢ ማለት ውኃ አጠጣኝ ያለን መንገደኛ ከደጅ እንደ መመለስ ይቆጠራል። በአንዲት ፍላሽ ውስጥ የቆጋ መስኖ ድንች ሪፖርት፣ የቅዳሴ ቅጂ፣ መንዙማ፣ የክርስትና ፎቶግራፍና የህንድ ፊልም ተስማምተው ያድራሉ። ስለ መቻቻል ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች አንድ ቀን የእኛን ፍላሾች ቢጎበኙ ደስ ይለኛል።

የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ አድማሱ ይባላሉ። ጡረታቸው ደርሷል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሲብስባቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ደርሰው ይመለሳሉ። ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ፍላሻቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጎን ያንጠለጥሏታል። ሌላ አለቃ ቢሆን “ሪፖርት አምጡ” ብሎ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ አድማሱ ግን ማለዳ ማለዳ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ፣ እንዴት አደርህ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ እያሉ፣ ፍላሿን ከአንገታቸው አውልቀው ራሳቸው ይሰኳታል፤ ሪፖርቱን ይቀዳሉ፤ ትከሻችንን መታ መታ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ይህ ሪፖርት መሰብሰብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ ነው። አንድ ጊዜ ስልክ እያወራ የነበረን ባልደረባችንን ላለመረበሽ ብለው ቢያልፉት፣ ሰውየው ምን አጥፍቼ ነው እያለ ሲብሰለሰል ሰንብቶ በመጨረሻ አማላጅ ላከባቸው።

እንግዲህ አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው እኔ ዘንድ ደረሱ። ጠረጴዛዬ በሩ ሥር ስለ ሆነ ዙሩ የሚጀምረው ከእኔ ነው። ፍላሿን ሰኩ። ስክሪኑን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። የጋሽ አድማሱ ፎልደሮች ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። እሳቸው ምንም እንዳላየ ሰው ስለ ዝናቡ አነሡብኝ። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ስለ ዝናቡ መለስሁላቸው።

ያቺ ቀስት ምን እንደ ሆነች ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም እኔ ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ ማወቄንም ሰው ቢያውቅልኝ አልጠላም። ሾርትከት የሚሉት ነገር በራሱ ክፉ አይደለም። ዕቃው እሱ ውስጥ የለም፤ ዕቃው እዚያ ማዶ ነው ብሎ የሚጠቁም ብቻ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በእያንዳንዳቸው ቦታ፣ በስማቸውና በመልካቸው፣ አንድ አንድ ሾርትከት ሲያቆም ነው። ወደ አንድ ባለሱቅ ወዳጃችሁ ዘንድ ሄዳችሁ የእሱን ኮት የለበሰ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አገኛችሁ እንበል። ሰላም ይላችኋል፤ ወደ ውስጥ ይመራችኋል፤ ወዳጃችሁም ጓዳ ውስጥ በደኅና ተቀምጧል፤ ትገበያያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። በመካከሉ ግን ያ ሰው እጁን ኪሳችሁ ከትቶ አውጥቷል። ሾርትከቱም እንዲሁ ነው። ስትጫኑት በመጀመሪያ የተደበቀውን ተንኮለኛ ፕሮግራም ያስነሣል፤ ቀጥሎ ፎልደራችሁን ይከፍትላችኋል። ተከፈተልኝ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ እሱ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቶ አልጋውን ዘርግቷል። ከዚያ ወዲያ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ አድፍጦ ይጠብቅና ያንኑ ያደርገዋል። ፋይሉ ታዲያ የት ሄደ? የትም አልሄደም። እዚያው ፍላሹ ላይ ነው፤ አልተበላም፤ ተደብቋል።

ጋሽ አድማሱን እንዴት ልንገራቸው? “ጋሼ፣ ፍላሽዎ ቫይረስ አለባት” ልበላቸው? ከማተባቸው ጎን ያንጠለጠሏትን? በማግስቱም ያው ሆነ፤ ሰኩ፣ ቀስቶቹ በቀሉ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን፣ ነቀሉ፣ ይዘዋት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ የክፍሉ ኮምፒውተር ሁሉ ታመመ። ሰው ሁሉ ያያል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። ጸሐፊያችን ጋሽ አድማሱ ሲመጡ እያየች ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ቢኒያም በበኩሉ “ቫይረስ ያለበት ፍላሽ መሰካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው” የሚል ማስታወቂያ ጻፈና አትሚልኝ ብሎ በፍላሽ ይዞላት መጣ፤ ማስታወቂያው እሷ ዘንድ ሲደርስ ሾርትከት ሆኖ ተገኘ። ተለጥፎም አያውቅም።

ፈረንጆቹ ይህ ነገር በኢሜይል ይተላለፋል፣ ካልታወቀ ድረ ገጽ ይመጣል እያሉ ይደክማሉ። እዚህ መጥተው ከባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ጥቂት ቢቀመጡ በይሉኝታ እንደሚተላለፍ ይደርሱበት ነበር። አስቡት እስኪ! የሰውን ፍላሽ “ቆይ መጀመሪያ ላስፈትሸው” ማለት እኮ ሰውየውን ምን አለብህ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ቫይረሱን እያየን እንቀበላለን፤ በአክብሮት እንሰካለን፤ በአክብሮት እንታመማለን። ኮምፒውተሩ ሲሞት ደግሞ ፎርማት ይደረጋል፤ ንጹሕ ሆኖ በተመለሰ ማግስት ያው ፍላሽ ይመጣለታል። ቢኒያም በዚያ ሰሞን ምሳ የሚበላበት ጊዜ አልነበረውም።

ነገሩ ሳቅ መሆኑ ያበቃው በሐያት ነው። ሐያት የክፍላችን ወጣት ባለሙያ ናት፤ አባቷ ወረታ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከሥራ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። ጥናቷ በቆጋ ድንች አምራቾች ላይ ነው፤ የውኃ ተራ ሲዘገይባቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ ማን ከማን ጋር ተራ እንደሚለዋወጥ፣ ሲጣሉ ማን እንደሚያስታርቃቸው። በጋ ከበጋ ከባሕር ዳር መራዊ በሚኒባስ፣ ከመራዊ ወዲያ በእግሯ እየተመላለሰች፣ በቦይ ጭቃ ጫማዋን እየጨረሰች የሰበሰበችው ነው። ኮሌጁ አንድ ጊዜ አራዝሞላት ነበር፤ አሁን ግን ዐርብ ካላስገባሽ የለሽበትም ብሏታል። አባቷም በሱቁ የሚረዳቸው ሰው አጥተው፣ ዘንድሮ ካልተሳካልሽ በቃሽ ልጄ፣ ነይ አብረን እንሥራ ብለዋታል። ክፉ አባት ሆነው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው። እሷ ግን ሱቅ ውስጥ መቆምን ካሰበች እንቅልፍ የላትም።

ይህ ሁሉ ድካም ያለው በአንዲት ፍላሽ ላይ ነበር። ላፕቶፗ ከተበላሸ ቆይቷል። ሥራን በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ስሕተት ነው? አዎ፣ ስሕተት ነው። ኮምፒውተሩ የመንግሥት፣ ኢንተርኔቱ የዕድል ሲሆን ሌላ የት ታስቀምጠው?

ሰኞ ማለዳ ቢኒያም ቢሮ በር ላይ ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋት። ፍላሿን ብትከፍተው ፎልደሮቿ ሁሉ ቀስት አብቅለዋል፤ ስትጫናቸውም አይከፈቱም። የቢኒያም ፀረ ቫይረስ ተንኮለኛውን ፕሮግራም ሰርዞት ስለ ነበር ሾርትከቶቹ የሚያስነሡት አጥተው ደርቀው ቀርተዋል። ፋይሎቹ ግን እንደ ተደበቁ ናቸው። ቢኒያም እያዘነላት፣ “በቃ ተበልቷል፤ ፎርማት ላድርገውና ፍላሹን እንኳ ላትርፍልሽ” ይላታል። እሷ ደግሞ እንባዋ ሞልቶ፣ የሞተ ዘመድ እንደሚያስረክብ ሰው፣ እሺ ልትል ነው። የልጁ ጣት ማውሱ ላይ ናት።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ጮሄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህሁ። “ተው! እጅህን አንሣ!” አልሁት። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሌባ የተያዘ መስሎት ብቅ ብቅ አለ። ፍላሹን ነቅዬ፣ ሐያትን አስከትዬ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ገሠገሥሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ፈርቼም ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ለዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርሁት እውቀት ጊዜው ደርሶ ነበር።

በመጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን መረጥሁ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን የኮምፒውተሩ የራሱ ንብረት ናቸው ብሎ ስለሚያስመዘግባቸው፣ እነዚህን ደብቅ የሚለውን ምልክትም ማንሣት ያስፈልጋል። አነሣሁት። ፈዘዝ ፈዘዝ ብለው ብቅ አሉ። “ቆጋ”፣ “ፎቶ”፣ “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻው የመጨረሻ”። ሐያት ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። ቀጥሎ ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፈትሁ። ጥቁር መስኮት ላይ በነጭ ፊደል የሚጽፍ ሰው እንዴት እንደሚከበር ታውቁት የለ? ዙሪያዬን የቆመው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አትሪብ የምትባለዋን ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ሥራዋ መደበቂያውን ምልክት ከፎልደሮቹ ላይ መግፈፍ ነው። ፎልደሮቹ ደመቁ። ሐሰተኞቹን ሾርትከቶች በክብደታቸው ለየኋቸው፤ በፎቶ የተሞላ ፎልደር ነኝ ይላል፣ ሲመዘን ግን አንድ ሁለት ኪሎባይት ነው። ሳልከፍታቸው ጠራርጌ አጠፋኋቸው።

“አልሐምዱሊላህ!” ብላ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች፤ አለቀሰችም። “ጋሽ ይርጋ፣ አላህ ያክብርዎ!” አለችኝ። እኔም ዐይኔ እርጥብ እርጥብ አለኝ። ሰው ሁሉ ጨብጦኝ ሄደ። ቢኒያም እንኳ መጥቶ ትእዛዟን በስልኩ ፎቶ አነሣት።

እዚህ ላይ ባበቃሁ ኖሮ! ግን ያመሰገኑት ሰው ዝም ይላል? ፍላሹ እዚያው እንደ ተሰካ ሻይ አስመጣሁና ትምህርቱን ዘረጋሁት። “ሐያት ልጄ፣ ስሚኝ፤ ፍላሽ ማጽዳት ብቻውን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የሚጸዳው ማሽኑ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት ከሚነሡት ፕሮግራሞች መካከል የማታውቂው ካለ አስቁሚው። ፀረ ቫይረሱን አድሰሽ ሙሉውን አስፈትሺ። ከዚያ ወዲያ ነው ፍላሹ። አለዚያ በአንድ በኩል ስታጸጂ በሌላ በኩል ይሞላል” አልኋት። አነጋገሬ አሁን ሳስታውሰው እንኳ ያምራል። ስለ ራሴ ማሽን ጤንነት ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ የምሠራበት እኔ ነኛ! ሐያት በጥሞና ሰማችኝ። ሻዩ ካለቀ በኋላ ፍላሿን ነቅላ ሄደች።

ማክሰኞ ማለዳ እየሮጠች ተመለሰች። ቀስቶቹ እንደ ገና በቅለዋል። እኔ አልደነገጥሁም። ተጠያቂውን አውቀዋለኋ! እንደ ገና አዳንሁላት፤ እንደ ገና አመሰገነችኝ፤ እንደ ገና ሻይ ጠጣን፤ ትናንት የዘለልሁትን ምዕራፍ ጨመርሁላት። ስትሄድ ትንሽ አሰብ አድርጋ ማሽኔን አየት እንዳደረገችው ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን አድናቆት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ጋሽ አድማሱ ዙራቸውን ቀይረው ነበር። ከበሩ ሥር መጀመራቸውን ተዉና ከመስኮቱ በኩል ጀምረው በስተመጨረሻ እኔ ዘንድ ይደርሳሉ። በመጀመሪያ ከፋኝ። በኋላ ሳስበው ግን አለቃ ለመጨረሻ የሚያስቀምጠው አረፍ ብሎ ሊጫወተው የሚፈልገውን ሰው ነው ብዬ ተረጎምሁት፤ ለባለቤቴም እንደዚያው ነገርኋት። ፍላሿን ግን በሰኳት ቁጥር ያው ቀስት ነው። አዬ ጋሼ፣ እላለሁ በሆዴ፤ የሐያትን ጥናት የሚያስይዙት እርስዎ ነዎት እኮ!

ሐሙስ ማለዳ ሐያትን ራሴ ጠራኋት። ነገ ልታስገቢ አይደል፣ አምጪው ለመጨረሻ ጊዜ ልየው አልኋት። እንደ ማንገራገር አለች፤ ሰጠችኝ። ስሰካው ዐይኔ እያየ፣ ደቂቃ ሳይቆይ፣ ቀስቶቹ ተደረደሩ። ደሜ ፈላ። ይህች ልጅ ነገ ይህን ይዛ ኮሌጁ ዘንድ ልትቀርብ? መርማሪዎቿ ፊት ባዶ ሾርትከት ልትከፍት? የጋሽ አድማሱ ነገር መነገር አለበት! መነገሩስ ይነገር፤ በማን አፍ? በእኔ አፍማ አይሆንም። አንድ ታላቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው በምንድን ነው? በሽማግሌ ነዋ!

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ጎረቤቴ ናቸው፤ ትውልዳቸው ዘጌ ነው፤ ያላስማሙት ባልና ሚስት በሰፈራችን የለም። ጉዳዩን ነገርኋቸው። ፍላሽን ያውቁታል፤ ቅዳሴ የሚያዳምጡት በእሱ ነው። ጥቂት አሰቡና፣ “ከባድ ነው፤ ግን ከባሰ ነገር አስታርቀናል” ብለው ኩታቸውን አጣፉ። ጋሽ አድማሱ ምሳቸውን ጣና ዳር ዓሣ ስለሚበሉ እዚያው እናገኛቸዋለን ተባለ። ሐያትንም ተበዳይ ስለ ሆነች ይዣት ሄድሁ። በመንገዱ ሁሉ፣ “ይቅር ጋሽ ይርጋ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቅር” እያለች ለመነችኝ። እንዴት ያለች ትሑት ልጅ ናት እያልሁ ባጃጁን አስፈጠንሁት።

ጋሽ አድማሱ ከዛፉ ሥር፣ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ሰው ሲጭን እያዩ፣ ጥብሳቸውን ይዘዋል። ተቀመጡ፣ ብሉ ተባለ። መሪጌታ አንበላም፣ መጀመሪያ የመጣንበት ይሰማልን አሉና ቆመው ጀመሩ። ለአገሩ ሰላምን፣ ለሐይቁ ምልአትን፣ ለጋሽ አድማሱ ጉልበት ፈውስን ተመኙ። ወንዛዬን አመሰገኑ። የዓሣው መጠን ዘንድሮ ማነሱን አነሡ። የሰው ልጅ የማያውቀው ሕመም እንዳለበት፣ ይህንንም የሚነግረው ወዳጁ እንደ ሆነ አመላከቱ። ጋሽ አድማሱ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ዓሣቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ በጣም በትሕትና፣ “መሪጌታ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል፤ ግን ልጄ ገና ተማሪ ናት” አሉ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሐያት ዞርሁ። ሐያት ወደ ሐይቁ ዞረች። ስለዚህ እኔው ተናገርሁ። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፍላሽዎ ታማለች” አልሁ።

ጋሽ አድማሱ አልተቆጡም። እንዲያውም አንድ ሸክም የወረደላቸው መሰሉ። “እሰይ ይርጋ!” አሉኝ። “እኔም ይኸን ነገር ላንተ እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ ስጨነቅ ነው የከረምሁ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የምትማረው ኮምፒውተር ነው። ማታ ማታ ፍላሿን ታጸዳላቸዋለች፤ ጠዋት ከቤት የምትወጣው ንጹሕ ሆና ነው። ሥራ ገብተው እኔ ዘንድ ሲሰኳት ቀስት ታበቅላለች። ለማረጋገጥ አንድ ቀን ከመስኮቱ በኩል ጀመሩ፤ የሌላውን ሰው ማሽን ማታ ማታ ቢኒያም እያጸዳው ስለ ነበር (የእኔን ግን ለማንም አላስነካም)፣ በሁሉም ዘንድ ደኅና ሆና አለፈች፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ በቀለባት። “ያን የእህትህን ልጅ የሰርግ ዘፈን ከፍላሽ ከፍተህ ያሰማኸን ሰሞን ነው የጀመረው። ይኸን ሳውቅ ነው አንተን መጨረሻ ያደረግሁህ፤ ሌላውን እንዳላስይዝ። እንዳላልፍህ ደግሞ ትቀየመኛለህ” አሉኝ። መሪጌታ ኩታቸውን እንደ ገና አጣፉና ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ቢበላ ምን ይመስላችኋል አሉ።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ዘንድ ነበር። የእኔ ማሽን ከሆነ የሐያትን ጥናት እያዳንሁ የነበርሁት እየገደልሁ ነዋ! ነገ ዐርብ ነው። ይህች ልጅ በእኔ ምክንያት ወረታ ሱቅ ልትገባ ነው። “ሐያት ልጄ፣ አሁኑኑ እንሂድ፤ ሌላ ማሽን እንፈልግ፣ ገና ጊዜ አለን” ብዬ ብድግ አልሁ።

ሐያት አልተነሣችም። የምትናገረው ለሰሐኑ ነበር። ጥናቷን ረቡዕ አስገብታዋለች። ማክሰኞ ከእኔ ዘንድ እንደ ወጣች ያስተማርኋትን አስታውሳ መጀመሪያ የሚጸዳው ማሽኑ ነው አለች፤ ጋሽ አድማሱን አስፈቅዳ የእሳቸውን ኮምፒውተር አስፈትሻ አጸዳች፤ ፍላሿን እዚያ ከፈተች፤ ያቺን ትእዛዝ ጻፈች፤ ቀስቶቹ ጠፉ፣ ጠፍተውም ቀሩ። ሌላ ቦታ ቀድታ አስቀመጠች፤ በማግስቱ ኮሌጁ ተቀበላት። ያስተማርኋት ሁሉ ልክ ነበር፤ ከአስተማሪዋ ማሽን በቀር።

ታዲያ ዛሬ ስጠራሽ ለምን አመጣሽልኝ አልኋት። “ጠሩኝ እኮ ጋሽ ይርጋ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ሲያድኑልኝ እንዲያ ደስ ሲልዎት እያየሁ፣ ድኗል ብዬ እንዴት ልንገርዎት?” አለች። ጋሽ አድማሱ ዓሣ አጎረሱኝ። ምን ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ማሽኔን በዚያው ከሰዓት አጸዳሁት። ከሚነሡት ፕሮግራሞች መካከል ስሙ የማይነበብ አንድ እንግዳ አለ፤ በሰርጉ ሰሞን የገባ ነው። አስቆምሁት፣ ከተኛበት ፈልጌ አጠፋሁት፣ ፀረ ቫይረሱን አድሼ ሙሉውን አስፈተሽሁ። ቢኒያም በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ ፎርማት አላለኝም።

ሐያት ጥናቷን ተከላክላ አለፈች፤ አባቷም ወረታ ላይ ድግስ ደግሰው ሁላችንንም ጠሩን። የታተመውን ጥራዝ አንድ ቅጂ ለእኔ አመጣችልኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ስሜ አለ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ “ጥናቴን ከጥፋት ደጋግመው ላዳኑልኝ ለአቶ ይርጋ” ይላል። ጥራዙን ሳሎን አስቀምጬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ያን ገጽ ገልጬ አነብለታለሁ፤ “ደጋግመው” የምትለዋን ቃል ግን እዘላታለሁ።